መሀል የወደቀችው ኳስ

ጡረታ የወጣሁት ሜዳ መሀል አቧራ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀምጬ ነው። ወንበር ሳይዘጋጅልኝ ቀርቶ አይደለም። አበባ ያለበት ጠረጴዛ፣ ኬክ፣ ለስላሳ፣ ለንግግር የመጣ ማይክራፎን ሳይቀር ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ቱታዬ አፈር ለብሶ፣ ፊሽካዬ ወደ ጀርባዬ ዞሮ፣ እንባዬ እስኪፈስ እስቅ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ በሥራ ዘመኔ ደጋግሞ አላገኘኝም።

ስሜ አስካለ ይባላል። የስፖርት መምህርት ነበርኩ፤ ከክፍል በኋላ ደግሞ ሴት ልጆችን መረብ ኳስ አሠለጥን ነበር። የክፍሉ ሥራ ደመወዝ አለው። ከክፍል በኋላ ያለው ሰዓት ግን ማንም ያላዘዘኝ፣ ማንም የማይከፍለኝ፣ ወድጄ የገባሁበት ነው። የጡረታው ወረቀት ከቢሮ ቢሮ እንዴት እንዳመላለሰኝ አልተርክም፤ ጡረተኛ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ርዕሰ መምህራችን አቶ ግርማ ጠርተው የጠየቁኝ ጥያቄ ነው።

«መምህርት አስካለ፣ የክፍል ሥራዎን የሚተካ ሰው ይመደባል» አሉኝ። «ከክፍል በኋላ የሚያሠለጥኗቸውን ልጆችስ ማን ይይዛቸዋል? በዚያ ሰዓት ማንንም ማዘዝ አልችልም። እርስዎ እስኪሸኙ ድረስ ‹እኔ አለሁ› የሚል ካልመጣ፣ ሜዳውን የሚጠይቀኝ ብዙ ነው።»

ብዙ ያሉት የወንዶቹን እግር ኳስ ነው። ልጆቼ በእጃቸው ጠጠር ለቅመው ያቀኑት፣ መስመሩን በኖራ ያሰመሩት ሜዳ በአንድ ክረምት የጎል ብረት ሊተከልበት ነው። የአንድ ሰው ስም አፌ ድረስ መጣ፤ ሰሚራ። የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አሁን እዚያው ትምህርት ቤት ወጣት የስፖርት መምህርት ሆናለች። ነገር ግን ስሙን መልሼ ዋጥኩት። ሰሚራ ገና ትዳር መያዟ ነው፣ ቤቷ ለቡ መብራት ኃይል ነው፣ ማታ ማታ ታክሲው ያስመርራል። እኔ ከጠየቅኳት ደግሞ እምቢ ማለት አትችልም። አስተማሪዋ ነኝ፣ እንዴት ብላ እምቢ ትለኛለች? እምቢ ማለት የማይችልን ሰው መለመን ማስገደድ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ይህ ዝምታ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ወደ ኋላ ልመለስ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከአዲስ አበባ ውጭ፣ ሜዳው ተዳፋት የሆነ ትምህርት ቤት ነበር። አንድ ኳስ ካመለጠን የቀረው ሰዓት ኳሷን ከወንዝ በመፈለግ ያልቃል። እዚያ ያተረፍኩት ጠንካራ ባትና ከፍ ያለ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ምደባዬ መካኒሳ አቦ አካባቢ ሆነ፤ ሥራ የተማርኩትም እዚያ ነው፤ ያስተማሩኝ ጋሽ ታደለ ናቸው።

ጋሽ ታደለ ያኔ የትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍል ኃላፊ፣ አጭርና ወፍራም፣ ቱታቸውን እስከ ደረታቸው ስበው የሚታጠቁ ሰውዬ ነበሩ። መጀመሪያ ያየኋቸው ዕለት ሥራ የሰለቻቸው መስለውኝ ነበር። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ኳስ ሲቀባበሉ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው አጥሩን ይመለከታሉ። ምን ዓይነት አሠልጣኝ ነው ብዬ ልሄድ ስል፣ ዞር እንኳ ሳይሉ «ከዳር ያለሽው፣ ክርንሽን ዘርጊ» አሉ። ልጅቷም ዘረጋች። ቆይተው ደግሞ «መሠረት፣ በጡጫሽ ነው የመታሽው» አሉ። ወደ መሠረት ተመለከትኩ፤ እውነትም እጇን ጨብጣ ቆማለች።

በድምፅ ነው የሚያዩት። እኔንም አስተማሩኝ። አንዱ መዳፍ በሌላው ላይ ይጋደማል፣ አውራ ጣቶች እኩል ይተኛሉ፣ ክርን ይዘረጋል፣ ኳሷ ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ ባለው ሥጋ ላይ ታርፋለች። ያኔ «ዱብ» የሚል ሙሉ ድምፅ ትሰጣለች። አንጓ ወይም ጡጫ ካገኛት ግን «ጧ» ብላ ትጮሃለች። ጉልበት ሳይታጠፍ በክንድ ብቻ ከተነሳች ደግሞ ድምፅዋ ይቀጥናል። ይህን መለየት ስጀምር የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። ከአጥር ውጭ ሆኜ እንኳ ውስጥ ያሉት ልጆች ምን እየሠሩ እንደሆነ እሰማ ነበር። ባለቤቴ መንገድ ላይ ምን ቆመሽ ታዳምጫለሽ እያለ ይበሳጭብኝ ነበር።

ጥንድ ልምምድ ለማያውቅ ሰው ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ኳስ መወራወር ይመስለዋል። እንደሱ አይደለም። የጋሽ ታደለ የመጀመሪያ ልምምድ «አንድ ለራስሽ፣ አንድ ለጓደኛሽ» ይባላል። ልጅቷ የመጣላትን ኳስ መጀመሪያ ከራሷ አናት በላይ ታነሳለች፣ ከዚያ ለጓደኛዋ ትሰጣለች። ለራሷ ያነሳቻት ኳስ ቀጥ ብላ ወጥታ ቀጥ ብላ ካልወረደች፣ ለጓደኛዋ የምትልካት ከመንገድ ትቀራለች። ይህ ሲለመድ በክንድ ተቀብሎ በጣት መስጠት ይመጣል፤ ቀጥሎ ኳሷ አየር ላይ እያለች ቦታ መቀያየር፤ በመጨረሻም አንዷ ትመታለች፣ አንዷ ታነሳለች፣ ሳያቋርጡ። ደህና ጥንድ ሲሠራ ማየት እኔን ከሠርግ ዘፈን በላይ ያስደስተኛል።

ጋሽ ታደለ ሌላም ልማድ ነበራቸው። የልጅቷን ስም ጠርተው ዓይኗን ሳያገኙ ኳስ አይወረውሩም። «ኳስ የምትሰጪው ለእጅ አይደለም፣ ለሰው ነው» ይሉኝ ነበር። ዓርብ ዓርብ ኳሶቹን በሳሙና አጥበው ጥላ ሥር ያሰጧቸዋል። ሌላ መምህር እንዲያጥብላቸው አይፈቅዱም፤ እኔን እንኳ የፈቀዱልኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያን ቀን ሹመት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ታደለ ጡረታ ሲወጡ እኔ ወደ ፉሪ ተዛወርኩ። አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ትምህርት ቤት፣ ሜዳው ግን ከመማሪያ ክፍሎቹ መስኮት ሥር። እኛ ስንለማመድ ውስጥ የከሰዓት ተማሪዎች ይማራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሒሳብ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው «እትዬ፣ እኔ የማስተምረውን እኔም አልሰማውም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቼን አፋችሁን ዝጉ አልኳቸው። መጫወት በዝምታ ሆነ። አንዲት ልጅ ድምፅ ካወጣች ሜዳውን ትዞራለች።

ዝምታው ደግሞ አስደሰተኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስቆም ከኳስ ድምፅ በቀር ምንም የለም። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ሌላ ትምህርት ቤት ሲጮህ፣ ሲንጫጫ፣ የኔ ልጆች እንደ ሰዓት ይሠራሉ። ሊያዩን የሚመጡ መምህራን ሲገረሙ ኩራቱ ከመሬት ያነሳኝ ነበር።

ከልጆቹ መሀል ሁለቱ ይለያሉ። ሂሩት ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ኳስ ከየትም ብትመጣ የማትደነግጥ ልጅ ናት። ሰሚራ ከእሷ በዕድሜ ታንሳለች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስርና፣ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ የሰፋችውን የጉልበት መከላከያ አጥልቃ መሬት ለመሬት የምትበር ፈጣን ልጅ ነበረች። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ሰሚራ ትምህርት ቤት ስትገባ እጇን ይዛ መንገድ ያሻገረቻት ሂሩት ናት። እናቷ «ሂሩት ያለችሽን ስሚ» ብላ ነው ያሳደገቻት። በልምምድ ግን ሁለቱን አጣምሬያቸው አላውቅም፤ ትልቅን ከትልቅ፣ ትንሽን ከትንሽ ነበር የማጣምረው። ማንም አሠልጣኝ እንደዚያ ያደርጋል።

በክፍለ ከተማው የትምህርት ቤቶች ውድድር ለዋንጫ ደረስን። የሰሚራ አባት ጋሽ ከድር ፉሪ ገበያ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ይነግዳሉ፤ ያን ቀን ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ልጃቸው ስትጫወት አይተው አያውቁም ነበር። የመጨረሻው ዙር ላይ ደረስን፤ አንድ ነጥብ ብናገኝ ዋንጫው የኛ ነው። ተጋጣሚዎቻችን ኳሷን ከፍ አድርገው ሰደዷት። ቀላል ኳስ ናት፤ ልጆቼ በየቀኑ ለቁጥር የሚታክት ጊዜ ያነሷት ዓይነት። በሂሩትና በሰሚራ መሀል መጣች። ሁለቱም እጃቸውን አጋድመው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እኔ እንዳስተማርኳቸው አድርገው ተዘጋጁ። ከዚያ ሁለቱም ቆሙ። ኳሷ መሀላቸው መሬት ላይ አረፈች። በእግራቸው መሀል ስትንከባለል ሁለቱም ቆመው ያዩዋት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ነጥቦች እንዴት እንደሄዱ አላስታውስም፤ ልጆቼ ፈዘዙ፣ ዋንጫው ሄደ።

በሚኒባስ ተመለስን። መካኒሳን ስናልፍ የሂሩት ድምፅ ከኋላ ወንበር ተሰማ።

«ሰሚራ፣ ለምን ተውሻት? አንቺ ትቀርቢያት ነበር እኮ።»

«አንቺ ቆመሽ እኔ ልሻማሽ?» አለች ሰሚራ። «ላንቺ ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ አባትሽ መጥተዋል፣ እሷ ታንሳት ብዬ ነው።»

ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ከፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ሰማሁ። አንዷ ታላቋን አክብራ፣ አንዷ ለታናሿ አዝና፣ ዋንጫ የሚያህል ነገር በጨዋነት መሬት ላይ ጣልን። ልጆቹን ምን ብዬ እቆጣለሁ? በቤታቸው የተመሰገኑበትን ነው ሜዳ ላይ ያደረጉት።

በማግስቱ ጋሽ ታደለ ቤት ሄድኩ። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ነው ቤታቸው፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ሳቁ፣ ተናደድኩ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስቆም ምን የምሰማ ይመስልሽ ነበር?» አሉኝ።

«ኳሷን ነዋ።»

«ኳሷንማ ማንም ይሰማታል። እኔ የምሰማው ልጆቹን ነው። ማን ስም ጠራ፣ ማን ዝም አለ፣ ማን ለማን ፈራ። የኔን ጀርባ ወስደሽ ጆሮዬን ትተሽልኛል» ብለው ጆሮአቸውን ይዘው ሳቁብኝ።

እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት ብል ማጋነን አይሆንም። በሚቀጥለው ሳምንት ከሒሳብ መምህሩ ጋር ተስማማሁ፤ ልምምዱ ክፍሎቹ ከተለቀቁ በኋላ ሆነ። ጥንዶቹንም በታተንኩ፤ ትልቋን ከትንሿ፣ ጎበዟን ከጀማሪዋ፣ ሂሩትን ከሰሚራ። ሁለቱ ጀርባቸውን ይሰጡኛል፣ እኔ ኳሷን በመሀላቸው ከፍ አድርጌ እወረውርና «ሂዱ» እላለሁ። ሲዞሩ የምታነሳት «የኔ» ብላ የጮኸችው ብቻ ናት። ሳይጮሁ ያነሷት ኳስ፣ የቱንም ያህል ብታምር፣ አትቆጠርም። እንዲያውም መጀመሪያ የመጮህ ግዴታ የታናሿ ነው አልኩ።

መከራ ነበር። ልጆቹ «የኔ» ማለት አፈሩ። አንዷ «ቲቸር፣ ስስታም ያስመስላል» አለችኝ። ሌላዋ «ከአጥር ውጭ ሰው ይሰማል» አለች። ሰሚራ የመጀመሪያውን «የኔ» ያለችው ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ ነው። ሂሩት ከአጠገቧ ሆና «እኔ አልሰማሁም» አለቻት። ደግማ አለች። «አሁንም አልሰማሁም።» ሰሚራ በንዴት ዓይኗን ጨፍና ስትጮህ ሜዳው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ኳሷ አናቷ ላይ ወደቀች፣ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን።

ግን ይሉኝታን ከልጅ ላይ ገፎ መጣል አልፈለግሁም። መልካም ነገር ነው፣ ቦታ ያስፈልገዋል እንጂ። ስለዚህ አንድ ሕግ ጨመርኩ። ኳሷን የተወች ልጅ አትቆምም፤ ሮጣ ከጓደኛዋ ኋላ ትገባለች፣ ቢያመልጣት እንድታነሳላት። «አክብሮትሽን በእግርሽ አሳዪ» እላቸው ነበር። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ማክበርና መጮህ አብረው መሄድ እንደሚችሉ የገባቸው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሜዳችን ገበያ ሆነ፤ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ገበያውን አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ጋሽ ከድር መጥተው «መምህርት፣ እቤት ዳቦ ሲቆረስ ‹የኔ› እያለች ታናናሾቿን አስጨነቀች፣ ምን አስተማርሽብኝ?» አሉኝ፤ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

ዋንጫ ሁልጊዜ አላገኘንም። አገኘን፣ አጣን፣ እንደገና አገኘን። ሂሩት ክለብ ገብታ ተጫወተች። ሰሚራ ስፖርት ሳይንስ ተምራ ወደ ፉሪ ተመለሰች፣ ያቺው የድሮዋ ፈጣን ልጅ፣ አሁን መምህርት ሰሚራ።

እንግዲህ የአቶ ግርማ ጥያቄ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰሚራ ከክፍል ስትወጣ ወደ ቤቷ አትሄድም ነበር። ሜዳው ዳር ትመጣለች፣ ከልጆቹ ጋር ጠጠር ትለቅማለች፣ የተሳሳተች ልጅ ስታይ እጇ ይንቀሳቀሳል፣ ግን ዝም ትላለች። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ልጆቹ የሚቀጥለው ዓመት እንዴት ይሆናሉ?» አለችኝ። «እግዜር ያውቃል» አልኳት። «አዎ» አለች። ጠጠሯን አራግፋ ሄደች። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። የመሸኛዬ ቀን እየቀረበ መጣ፣ «እኔ አለሁ» የሚል ሰው አልመጣም፣ አቶ ግርማም ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

የሽኝቱ ቀን የድሮ ልጆቼ ከአሁኖቹ ጋር ግጥሚያ አዘጋጁ። ሂሩት መጣች፣ ከድሮው ወፍራ። ከንግግሩ በፊት ነው ጨዋታው። እኔን ጎትተው ከድሮዎቹ ጋር አስገቡኝ፣ ከኋላ መስመር፣ ከሰሚራ አጠገብ። አቶ ግርማ ለሽኝቱ በተዘጋጀው ጥላ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ከታናናሾቹ አንዷ ኳሷን ከፍ አድርጋ ሰደደችብን፤ በእኔና በሰሚራ መሀል።

ኳሷን በደንብ አየኋት፣ ጉልበቴም ታጠፈ። ነገር ግን እሷ ታንሳት ብዬ ቆምኩ። በጎን ሳይ ሰሚራም ቆማለች። ያቺ የሚኒባስ ጉዞ ትዝ አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ኳሷ ስትወርድ ሳያት በቃ፣ እንደገና ጣልናት አልኩ።

«የኔ!»

ትከሻዋ ገፋኝ። መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ከላዬ «ዱብ» የሚለውን ሰማሁ፣ ሙሉ፣ ንጹሕ። ኳሷ ወጣች፣ ሂሩት መታቻት፣ ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ሰሚራ ግን ፊቷ ገርጥቶ ከአጠገቤ ተንበረከከች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ተጎዱ? ጣልኩዎት።»

ሳቄ አላናግር አለኝ። «ስንት ጊዜ ሙሉ ዝም ብለሽ አሁን ጮህሽ?» አልኳት በመጨረሻ። «ቀደም ብለሽ ብትጮሂ ኖሮ እኔም መንገድ እለቅልሽ ነበር።»

የምለው ስለ ኳሷ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ገባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እርስዎ እያሉ እንዴት ብዬ እፈልጋለሁ እላለሁ? ሰው ሊያስወጣቸው የቸኮለች አይልም?»

«እኔስ እምቢ እንደማትዪኝ እያወቅኩ እንዴት ብዬ እጠይቅሻለሁ?»

እሷ ተንበርክካ፣ እኔ አቧራ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለታችንም አንድ ላይ በሳቅ ፈነዳን። ሰሚራ ተነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ወደ ጥላው ዞረች፤ የሒሳብ መምህሩ እንኳ ከመማሪያ ክፍላቸው ወጥተው እስኪያዩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«አቶ ግርማ፣ ልጆቹን እኔ እይዛቸዋለሁ።»

አቶ ግርማ ጭብጨባቸውን አቁመው ወደኔ ተመለከቱ፣ አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁላቸው። «እንግዲያው ሜዳው የልጆቹ ነው» አሉ። ጨዋታው ገና አላለቀም ነበር፤ ታናናሾቹ ኳሷን ይዘው ይጠብቃሉ። ፊሽካዬን ከአንገቴ አውልቄ በሰሚራ አንገት ላይ አጠለቅኩ። ኳሷን የተወ ሰው ከኋላ ገብቶ ይሸፍናል ብዬ ያስተማርኩ እኔው ነኝና፣ ቱታዬን አራግፌ ከኋላዋ ሄጄ ቆምኩ።